አራት አሳታሚዎች ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር፦ ቤተ መጻሕፍት የገዛውን መጽሐፍ በዲጂታል መልክ ማዋስ ይችላልን?

ጁን 1 ቀን 2020 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሃሼት፣ ሃርፐርኮሊንስ፣ ጆን ዋይሊ ኤንድ ሰንስ እና ፔንግዊን ራንደም ሃውስ የተባሉ አራት አሳታሚዎች ኢንተርኔት አርካይቭ በተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ላይ ክስ መሠረቱ። ክሱ የቀረበው በኒውዮርክ ደቡባዊ አውራጃ ለሚገኘው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሆን፣ በዝርዝር የተጠቀሱት መጻሕፍት 127 ነበሩ። ድርጅቱ እነዚህን መጻሕፍት ከታተሙ ቅጂዎች ላይ ስካን እያደረገ፣ የአሳታሚዎቹንም ሆነ የደራሲዎቹን ፈቃድ ሳይጠይቅና ሳይከፍል፣ በድረ ገጹ አማካይነት ለአንባቢዎች ያውስ ነበር። ተከሳሹ ድርጊቱን አልካደም። ክርክሩ በሙሉ ያተኮረው ሕጉ ይህን ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም በሚለው ነጥብ ላይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። ፍርድ ቤቶቹ በእጃቸው በነበረው ሕግ ላይ ተመሥርተው የሰጡት ውሳኔ በአብዛኛው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ያው ሕግ በዲጂታሉ ዓለም ቤተ መጻሕፍትን ከመጽሐፍ ባለቤትነት ወደ ተከራይነት እያወረዳቸው ነው፤ ይህን ሊያርም የሚችለው ደግሞ ሕግ አውጪው እንጂ ዳኛው አይደለም። ጉዳዩን በዝርዝር መመልከት የሚያስፈልገውም የሕግ ማስተካከያው የት ቦታ ላይ መግባት እንዳለበት ክርክሩ ራሱ ስለሚያሳይ ነው።

ድርጅቱና የማዋስ ሥርዓቱ

ኢንተርኔት አርካይቭን በ1996 የመሠረተው የኮምፒውተር ባለሙያው ብሩስተር ኬል ነው። ድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤቱን በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ሕንፃ ውስጥ አድርጎ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚያውቀው የድረ ገጾችን የቀድሞ መልክ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን አማካይነት ቢሆንም፣ የመጻሕፍት ክምችቱም እጅግ ሰፊ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጡ ተጓዦች የጻፏቸውን ማስታወሻዎች ወይም በአውሮፓ የታተሙ የቆዩ የግእዝ ሰዋስው መጻሕፍትን በኢንተርኔት ፈልጎ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪም ይህን ድረ ገጽ ሳያውቀው አይቀርም። እንዲህ ያሉት የቅጅ መብት የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ ሥራዎች ማንም በነፃ ሊወስዳቸው የሚችሉ በመሆናቸው የክሱ አካል አልነበሩም። ክርክሩን ያስከተሉት የጥበቃ ዘመናቸው ያላለፈ መጻሕፍት ናቸው። የሥር ፍርድ ቤቱ እንዳሰፈረው የእነዚህ ቁጥር 3.6 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከእነሱም ውስጥ 33,000 ያህሉ የአራቱ ከሳሾች ነበሩ።

ስካን የማድረጉ ሥራ በአብዛኛው የሰው እጅ ይፈልጋል። ሠራተኛዋ መጽሐፉን መሐሉ ጎድጎድ ባለ ማኖሪያ ላይ ከፍታ ታስቀምጣለች፤ በእግሯ የምትቆጣጠረው መስታወት ወርዶ ሁለቱን ገጾች ሳይጎዳ ያስተኛቸዋል፤ በግራና በቀኝ የተተከሉት ሁለት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ያነሣሉ፤ መስታወቱ ሲነሣም ቀጣዩን ገጽ በእጇ ትገልጣለች። 300 ገጽ ያለው መጽሐፍ ይህንኑ ሂደት 150 ጊዜ ያህል መድገም ይጠይቃል። ሥራው ሲጠናቀቅ የታተመው መጽሐፍ በካሊፎርኒያ ሪችመንድ ከተማ ወደሚገኘው መጋዘን ተወስዶ ለአንባቢ በማይደርስበት ሁኔታ ይቀመጣል። በአንባቢው ፊት የሚቀርበው ፋይሉ ብቻ ይሆናል።

ሕጋዊ መከራከሪያው የተመሠረተውም በዚሁ መጋዘን ውስጥ በተቀመጠው መጽሐፍ ላይ ነው። ድርጅቱ ቁጥጥር የሚደረግበት ዲጂታል ማዋስ ብሎ የሚጠራው አሠራር እንዲህ ያለ ነው፦ አንድ የታተመ ቅጂ ካለው አንድ ፋይል ብቻ፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ እስከ 14 ቀን ለሚደርስ ጊዜ ያውሳል፤ ፋይሉ እንዳይገለበጥ የቴክኖሎጂ መቆለፊያ ይደረግበታል፤ ጊዜው ሲያበቃ በራሱ ይዘጋል፤ በመሀል ሌላ ሰው ቢፈልገው ወረፋ ይጠብቃል። ይህ አሠራር የታተመውን መጽሐፍ በፋይሉ የሚተካ እንጂ በገበያው ላይ ያለውን የቅጂ ብዛት የሚጨምር አይደለም የሚል ነው ክርክሩ። በ2018 በርካታ የአሜሪካ የሕግ ምሁራንና የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች አሠራሩ በሕግ ፊት ሊቆም እንደሚችል የሚያስረዳ የጋራ መግለጫ አውጥተውለት ስለነበር፣ ሐሳቡ የአንድ ድርጅት ብቻ ነበር ማለት አይቻልም።

ሆኖም በአፈጻጸሙ ላይ ከባድ ክፍተት ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ ከሌሎች ቤተ መጻሕፍት ጋር በመተባበር እነሱ በመደርደሪያቸው ላይ ያላቸውን ቅጂ በራሱ ቁጥር ላይ ይደምር ነበር። ለምሳሌ በአንድ የክፍለ ሀገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ቢኖርና ድርጅቱም የዚያው መጽሐፍ አንድ ቅጂ ቢኖረው፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ፋይሎች ለውሰት ይቀርባሉ። የዚያ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንሥተው ከውሰት ካላገዱት ግን ያው አንድ ቅጂ በወረቀትም በስክሪንም በአንድ ጊዜ ሊነበብ ይችላል። ድርጅቱ ተባባሪዎቹ ይህን መፈጸማቸውን የሚያረጋግጥበት አስተማማኝ መንገድ እንዳልነበረው በክርክሩ ሂደት ግልጽ ሆኗል። የመከራከሪያው መሠረት የአንድ ለአንድ ሚዛን ሆኖ ሳለ ሚዛኑ ራሱ አለመጠበቁ ተከሳሹን በእጅጉ የጎዳ ጉዳይ ነው።

የወረርሽኙ ወራት

ማርች 24 ቀን 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችንና ቤተ መጻሕፍትን ባዘጋ ሰሞን ድርጅቱ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ያለውን አገልግሎት ጀመረ። ወደ 1.4 ሚሊዮን በሚጠጉ መጻሕፍት ላይ ወረፋው ተነሣ፤ እስከ 10,000 የሚደርሱ ሰዎች አንዱን መጽሐፍ በአንድ ጊዜ እንዲዋሱ ተፈቀደ። የድርጅቱ ምክንያት በመላ አገሪቱ ሚሊዮኖች የታተሙ መጻሕፍት በተዘጉ በሮች ኋላ ስለተቆለፉ በፋይል መተካታቸው ተገቢ ነው የሚል ነበር። ከመቶ በላይ ቤተ መጻሕፍትና ተቋማት ድጋፋቸውን ሰጡ፤ የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ግን ገና ከመጀመሪያው ድርጊቱን አጥብቆ አወገዘ። ክሱ ከቀረበ በኋላ ድርጅቱ አገልግሎቱን ቀድሞ ካቀደው ጊዜ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ጁን 16 ላይ ዘጋ።

እርምጃው ከበጎ ሐሳብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት የነበረ ልጅ ያለው ሁሉ የዚያን ጊዜ ችግር ያስታውሰዋል። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ትልቅ ስህተት ነበር። ድርጅቱ ለዓመታት እኛ ከያዝነው ቅጂ በላይ አናውስም ሲል ኖሮ፣ ይህን መርህ በራሱ ውሳኔ ሲያነሣው ለአሳታሚዎቹ የሚመኙትን አጋጣሚ ሰጣቸው። አሳታሚዎቹ ስለ ነገሩ ቀደም ብሎ ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ክስ አላቀረቡም ነበር። ክሱ ሲቀርብ ደግሞ የወረርሽኙን ወራት ብቻ ሳይሆን መደበኛውን የአንድ ለአንድ ውሰት ጭምር ያካተተ ሆነ። በአሜሪካ ሕግ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት በአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሣ ሊወሰን ስለሚችል፣ የ127ቱ መጻሕፍት ክስ ብቻውን ድርጅቱን ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለሆነ ኃላፊነት የሚያጋልጥ ነበር።

የወረቀት መጽሐፍ ሕግ

ክርክሩን ለመረዳት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አንድ አሳታሚ በመጽሐፉ ላይ ይህ መጽሐፍ ከ1 ዶላር ባነሰ ዋጋ እንዳይሸጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አትሞ ነበር፤ የኒውዮርኩ ሜሲስ መደብር ግን በ89 ሳንቲም ሸጠው። አሳታሚው ከሰሰ፤ በ1908 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጅ መብት ባለቤት መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ የዚያን ቅጂ ቀጣይ ዕጣ የመወሰን መብት የለውም ሲል ወሰነ። የመጀመሪያ ሽያጭ መርህ በመባል የሚታወቀው ይህ ነው። ቤተ መጻሕፍት የገዙትን መጽሐፍ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚያውሱት፣ ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጮችም በነፃነት የሚነግዱት በዚሁ መርህ መሠረት ነው።

መርሁ የሚሠራው ግን በዚያው በተሸጠው ቅጂ ላይ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ አይፈጠርም፤ ፋይል ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሻገር ግን በተቀባዩ ማሽን ላይ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፤ ማባዛት ደግሞ የባለመብቱ ብቸኛ መብት ነው። ከኒውዮርክ የሚመጡ ይግባኞችን የሚሰማው የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ሬዲጂ የተባለውን ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎች መሸጫ በሚመለከት ይህንኑ በግልጽ ወስኖ ነበር፤ ሬዲጂ ሻጩ ፋይሉን ከኮምፒውተሩ እንዲያጠፋ የሚያስገድድ ቴክኖሎጂ እንዳለው ቢያስረዳም ተሸንፏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በዲሴምበር 2019 ቶም ካቢኔት በተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ላይ በኢ-መጽሐፍ (በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ) ዳግም ሽያጭ ተመሳሳይ ውሳኔ አሳልፏል። እናም ኢንተርኔት አርካይቭ በመጀመሪያ ሽያጭ መርህ ሊጠለል ስለማይችል የቀረው በር ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጠቀምን በተወሰኑ ሁኔታዎች የሚፈቅደው፣ ፍትሐዊ አጠቃቀም የተባለው መርህ ብቻ ነበር።

ይህ የሕግ ለውጥ የንግድ ውጤትም አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት ኢ-መጽሐፍ አይሸጡም፤ ፈቃድ ያከራያሉ። ሃርፐርኮሊንስ በ2011 አንድ ፈቃድ ለ26 ውሰት ብቻ እንዲያገለግልና ከዚያ በኋላ እንደገና እንዲገዛ ወሰነ። ሌሎቹ በጊዜ ይገድባሉ፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሲሞላ ፈቃዱ ይቋረጣል። ዋጋውም ተራ አንባቢ ከሚከፍለው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ማክሚላን የተባለው አሳታሚ (ከከሳሾቹ መካከል አይደለም) በኖቬምበር 2019 አዲስ ለወጣ መጽሐፍ ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ሥርዓት፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ አንድ ኢ-ቅጂ ብቻ እንዲሸጥ ወስኖ ነበር፤ ከአራት ወር በኋላ ግን ተወው። የታተመ መጽሐፍ የገዛ ቤተ መጻሕፍት ቅጠሉ እስኪረግፍ ሊያውሰው፣ ሊጠግነው፣ ለትውልድ ሊያስቀምጠው ይችላል። ፈቃድ የተከራየው ግን ክፍያውን ባቆመ ዕለት መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ምን ይቀመጥ፣ ምን ይጥፋ የሚለውን ውሳኔም ለአሳታሚው አሳልፎ ይሰጣል።

አራቱ መመዘኛዎች በፍርድ ቤት

የአሜሪካ የቅጅ መብት ሕግ አንቀጽ 107 አንድ አጠቃቀም ፍትሐዊ መሆኑን ለመመዘን አራት ነገሮች እንዲታዩ ያዝዛል፦ የአጠቃቀሙ ዓላማና ባሕርይ፣ የሥራው ዓይነት፣ የተወሰደው መጠን፣ እና በሥራው ገበያ ላይ የሚያደርሰው ተፅዕኖ። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ጆን ኮልትል ማርች 24 ቀን 2023፣ የአስቸኳይ ጊዜው ቤተ መጻሕፍት በተከፈተ በሦስተኛ ዓመቱ ዕለት፣ አራቱም መመዘኛዎች ለአሳታሚዎቹ ያደላሉ ሲሉ ፈረዱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ውሳኔውን አጸና።

የመጀመሪያው መመዘኛ የክርክሩ ዋና ሜዳ ነበር። ይኸው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 ሃቲትረስት የተባለውን የዩኒቨርሲቲዎች ዲጂታል ክምችት፣ በ2015 ደግሞ ጉግል ሚሊዮኖች መጻሕፍትን ስካን ማድረጉን ፍትሐዊ ነው ብሎ ነበር። በሁለቱም ጉዳዮች ግን ፋይሉ ያገለገለው መጽሐፉ የማይሰጠውን አዲስ ነገር ለመስጠት ነው፤ የትኛው መጽሐፍ ውስጥ የትኛው ቃል እንዳለ መፈለግ፣ ወይም ማየት ለማይችሉ አንባቢዎች መጽሐፉን ተደራሽ ማድረግ። ጉግል ለፈላጊው የሚያሳየው ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ ያቀረበው ግን ሙሉውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ ነው፤ መጽሐፉም የተጻፈው ለዚሁ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ፣ በሜይ 2023፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል በሠራው ሥዕል ላይ የሰጠው ውሳኔም አንድ አጠቃቀም ከዋናው ሥራ ጋር ዓላማው አንድ ሲሆን ፍትሐዊ ነው ለማለት እንደሚከብድ ስላጠናከረ የድርጅቱን አቋም ይበልጥ አዳከመው።

በዚሁ መመዘኛ ሥር ግን ሁለቱ ፍርድ ቤቶች የተለያዩበት አንድ ነጥብ አለ፤ ሊዘለል የሚገባውም አይደለም። የሥር ፍርድ ቤቱ አጠቃቀሙ የንግድ ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱም በእያንዳንዱ መጽሐፍ ገጽ ላይ ቤተር ወርልድ ቡክስ ወደተባለው፣ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት ወዳለው ያገለገሉ መጻሕፍት ሻጭ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ ነበር፤ ድርጅቱም በድረ ገጹ ልገሳ ይጠይቃል። ይግባኝ ሰሚው ይህን አልተቀበለም። ልገሳ መጠየቅ ብቻውን አንድን የበጎ አድራጎት ድርጅት ነጋዴ ካሰኘው ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም ሁሉ ነጋዴ ነው ማለት ይሆናል የሚል ነው የምክንያቱ ፍሬ ሐሳብ። ይህ ለድርጅቱ ድል ባያስገኝም ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት፣ ለቤተ መዘክሮችና ለትምህርት ተቋማት ትልቅ ዋጋ አለው፤ የሥር ፍርድ ቤቱ ትርጉም ቢጸና ኖሮ ነገ ሌላ ክርክር ሲመጣ ሁሉም ከነጋዴ እኩል ይመዘኑ ነበር።

ሁለተኛውና ሦስተኛው መመዘኛ ብዙ አላከራከሩም። ከተጠቀሱት መጻሕፍት ልብ ወለድም ልብ ወለድ ያልሆኑም ነበሩ፤ የተወሰደውም ሙሉ በሙሉ ነው።

አራተኛው መመዘኛ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ድርጅቱ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ያዘጋጁትን ጥናት አቅርቦ መጻሕፍቱ በድረ ገጹ ላይ መኖራቸው የአሳታሚዎቹን ሽያጭ እንዳልቀነሰ ለማሳየት ሞክሯል። ፍርድ ቤቱ ጥናቶቹን ውድቅ ያደረገበት ምክንያት አሳማኝ ነው፦ የታተመ መጽሐፍ ሽያጭ ላይ የተደረገ ጥናት በኢ-መጽሐፍ ፈቃድ ገበያ ላይ ስለደረሰው ነገር የሚናገረው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ አሳታሚዎቹም ይህን ያህል ገንዘብ አጥተናል የሚል የራሳቸውን የቁጥር ማስረጃ አላቀረቡም፤ ፍርድ ቤቱም አልጠየቃቸውም። ፍትሐዊ አጠቃቀም የተከሳሽ መከላከያ በመሆኑ የማስረዳት ሸክሙ የተከሳሽ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ምትክ ካለ ቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ለመግዛት የሚኖራቸው ፍላጎት እንደሚቀንስ ደግሞ በአመክንዮ የሚታወቅ ነው ተባለ። በሕግ አሠራር ይህ ስህተት አይደለም። ግን አንድ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ከፍሎ የገዛውን መጽሐፍ በሌላ መልክ ለአንድ ሰው ሲያውስ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ በማስረጃ ሳይመለስ መዝገቡ ተዘግቷል።

በሌላ በኩል የደራሲው ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ከሳሾቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ስለሆኑ ብቻ ከጀርባቸው ያለውን ሰው መርሳት ይቀናል። ለዓመታት ቆፍሮ የጻፈ ደራሲ ከእያንዳንዱ የቤተ መጻሕፍት ፈቃድ ትንሽም ቢሆን ድርሻ ያገኛል፤ በኢንተርኔት አርካይቭ አሠራር ግን ከመጀመሪያዋ የታተመች ቅጂ በኋላ ምንም አያገኝም። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፈቃድ ዋጋ በቤተ መጻሕፍት ላይ ጫና ሊያሳድር እንደሚችል ሳይክድ፣ የሕጉ ዓላማ ደራሲው መጻፉን እንዳያቆም ማበረታታት ጭምር መሆኑን ማስታወሱ ትክክል ነበር።

ከፍርዱ በኋላ

በኦገስት 2023 ተከራካሪዎቹ በስምምነት ባስመዘገቡት ፍርድ ድርጅቱ የአሳታሚዎቹን መጻሕፍት ከማዋስ በቋሚነት ታገደ፤ የገንዘቡ መጠን ለሕዝብ አልተገለጸም። የዕግዱ ወሰን ግን በዳኛው መወሰን ነበረበት። አሳታሚዎቹ በኢ-መጽሐፍ ያላወጧቸው ሥራዎቻቸውም እንዲካተቱ ሲፈልጉ፣ ዳኛ ኮልትል ዕግዱን በገበያ ላይ ኢ-ቅጂ ባላቸው መጻሕፍት ብቻ ወሰኑት። ማየት ለማይችሉና የኅትመት ጽሑፍ ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የሚሰጠው አገልግሎትም አልተነካም። ያም ሆኖ ድርጅቱ እንዳስታወቀው ከ500,000 በላይ መጻሕፍት ከውሰት ወጡ። በዲሴምበር 2024 ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደማይወስድ ሲያሳውቅ ክርክሩ አበቃ።

በተመሳሳይ ጊዜ ጉዳዩን በሕግ አውጪ በኩል ለመፍታት የተደረገ ሙከራም ነበር። የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት በ2021 ለሕዝብ ኢ-መጽሐፍ የሚሸጥ አሳታሚ ለቤተ መጻሕፍትም በምክንያታዊ ሁኔታ ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበር ከሰሰ፤ በ2022 ፌዴራል ፍርድ ቤቱ የቅጅ መብት የፌዴራል ሥልጣን በመሆኑ ክፍለ ግዛቱ በዚህ ሊገባበት አይችልም ብሎ ሕጉን ሻረው። ስለዚህ በአሜሪካ ጥያቄውን ሊመልስ የሚችለው የአገሪቱ ምክር ቤት ብቻ ነው። አሁን ያለው ድንጋጌ ቤተ መጻሕፍት ለጥበቃ ሲሉ እስከ ሦስት ቅጂ እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል፤ ዲጂታል ቅጂው ግን ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ውጭ ለአንባቢ እንዳይቀርብ ይከለክላል።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዛለች። በኖቬምበር 2016 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከኔዘርላንድ በመጣ ጉዳይ፣ አንድ ቅጂ ለአንድ ሰው በሚለው ደንብ የሚደረግ የኢ-መጽሐፍ ውሰት በሕዝብ የማዋስ መብት ሥር ሊሸፈን እንደሚችል ወስኗል፤ ቅድመ ሁኔታው ቅጂው ከሕጋዊ ምንጭ የተገኘ መሆኑና ደራሲው ተመጣጣኝ ክፍያ ማግኘቱ ነው። ይህ መፍትሔ ኢንተርኔት አርካይቭ ከጎደለው ነገር ዋነኛውን ይሞላል፦ የደራሲውን ድርሻ። አሳታሚው ፈቃድ በመከልከል መጽሐፉን ከቤተ መጻሕፍት ሊያግደው አይችልም፤ ደራሲውም ባዶ እጁን አይቀርም። ከቀረቡት አማራጮች ሁሉ ሚዛናዊ ሆኖ ያገኘሁት ይህን ነው።

ለእኛ አገር ሕግ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የሚሠራው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ እንዳለው ያለ ሰፊና ተለዋዋጭ የፍትሐዊ አጠቃቀም አንቀጽ የለውም፤ የተፈቀዱትን ሁኔታዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አንቀጽ 12 ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ መዛግብት ለተመራማሪ ጥያቄ አንድ መጣጥፍ ወይም አጭር ቅንጭብ እንዲያባዛ፣ እንዲሁም የጠፋ፣ የተበላሸ ወይም ከጥቅም ውጭ የሆነ ቅጂን እንዲተካ ይፈቅዳል። አንቀጽ 9 ደግሞ ለግል አገልግሎት ማባዛትን ሲፈቅድ ሙሉ መጽሐፍን ወይም አብዛኛውን ክፍሉን ፎቶ ኮፒ ማድረግን ያገልላል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 በዋናነት የሮያሊቲ (ለባለመብቱ ከሥራው አጠቃቀም የሚከፈል ድርሻ) አሰባሰብንና ይህን በባለመብቶች ስም የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን የሚመለከት ነበር። ስለዚህ አንድ የኢትዮጵያ ቤተ መጻሕፍት በመደርደሪያው ላይ ያለውን የጥበቃ ዘመኑ ያላለፈ መጽሐፍ ስካን አድርጎ በክልል ለሚገኝ አንባቢ ለሁለት ሳምንት ሊያውስ ቢነሣ በአዋጁ ውስጥ የሚደገፍበት ድንጋጌ ማግኘት ይቸግረዋል።

ችግሩ ለእኛ በሁለት በኩል ነው። በአንድ ወገን የደራሲያን ድካም በቴሌግራም ቻናሎች ላይ በፒዲኤፍ ያለ ምንም ቁጥጥር ይሰራጫል፤ መጽሐፉ ገበያ ላይ በዋለ ሰሞን ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደራሲው የሚያደርገው ነገር ያጣል። በሌላ ወገን ዳግም ያልታተሙ፣ አሳታሚያቸው የፈረሰ ወይም ወራሾቻቸው የማይታወቁ የአማርኛ መጻሕፍት በአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እጅ ብቻ ቀርተዋል። የጥበቃው ዘመን ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሚዘልቅ፣ ብዙዎቹን በሕጋዊ መንገድ ዲጂታል ለማድረግ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰው እንኳ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሁለቱን ችግሮች አንድ ላይ መመልከት ይገባል፤ ምክንያቱም ሕጋዊ የውሰት በር በሌለበት አንባቢው የሚሄደው ወደ ቴሌግራሙ ነው።

አዋጁ ወደፊት ሲሻሻል አንቀጽ 12 በሦስት ነገር ቢሰፋ ተገቢ ይመስለኛል። አንደኛ፣ ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት በሕጋዊ መንገድ ያገኘውንና ከመደርደሪያ ያነሣውን አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው በዲጂታል መልክ እንዲያውስ ቢፈቀድ፤ ቅጂው በእርግጥ ከውሰት መውጣቱም በመዝገብ እንዲረጋገጥ ቢደረግ፤ የአሜሪካው ክርክር የተንገዳገደበት አንዱ ነጥብ ይህ ነውና። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ውሰት ደራሲው ትንሽ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበሩ በኩል እንዲያገኝ ቢደረግ፤ ይህን የሚሸከመው የቤተ መጻሕፍቱ በጀት እንጂ አንባቢው መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ ዳኛ ኮልትል በዕግዱ ወሰን ላይ የተጠቀሙበትን መለያ በመውሰድ፣ በገበያ ላይ በወረቀትም በኢ-መጽሐፍም የማይገኝ ሥራ ሰፋ ያለ ፈቃድ ቢሰጠው፤ ባለመብቱ በኋላ ቀርቦ ሥራውን መልሶ ካሳተመ ፈቃዱ ወዲያው እንዲያበቃ አድርጎ።